የዘሃራ የመጨረሻ ገጽ

ይህ ነገር የገጠመኝ የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ካርቱም ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ነገር ግን ዛሬም ሳወራው ተቀምጬ መጨረስ ያቅተኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለአበሻ ልጆች አማርኛ አስተምር ነበር። እዚያው ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ሁለት ቃል ሳያነቡ «ኡስታዛ፣ ይሄ ደግሞ ሺኑ ነው?» እያሉ እኔን መምህራቸውን በግማሽ ዓረብኛ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁኛል። ከአገር ቤት የሚመጡት መጻሕፍት ስለማያውቁት ቦታ ስለሚያወሩ ቶሎ ይሰለቻሉ። ስለዚህ በሚያውቁት ከተማ ስለኖረች አንዲት አበሻ ትንሽ መጽሐፍ ልጽፍላቸው ተነሣሁ።

የመረጥኩት ዘሃራን ነው። ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለ የአንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የእሷ ሥራ ነበር፦ የወሎ ገበያ፣ በቅሎ ላይ የተቀመጠች ሙሽራ፣ ጨው የጫኑ ግመሎች። ልጆቹ ሁሉ ግድግዳውን ያውቁታል። ሠዓሊዋን ግን ከእነሱ ያያት የለም።

የቆዩ ሰዎችን እየዞርኩ ጠየቅኩ። አንዷ «አባቷ ሠዓሊ ነበር» አለችኝ። ሌላዋ «ባሏ ነው ሥራውን ያስተዋት» አለችኝ። ሁሉም የተስማሙበት ነገር ቢኖር መሞቷ ነው። «ገዳሪፍ ሄዳ ሞተች፣ አላህ ይዘንላት» አሉኝ። እኔም የመጨረሻውን ገጽ እያለቀስኩ ጻፍኩት።

ጽሑፉን ይዤ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ወዳለ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሱዳናዊ ነው። ገጾቹን አገላብጦ ሳቀብኝ።

«ያ ኡስታዛ፣ የልጆች መጽሐፍ ያለ ሥዕል? ከዚህ ጀርባ ኡም ኢማን አለች፤ የሱቅ ማስታወቂያ የምትሥል። ያገርሽ ሰው ናት። ያላ፣ እሷ ጋ ሂጂ!»

ዞሬ ሄድኩ። እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ ያጣፋች፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴትዮ ዱካ ላይ ተቀምጣ ቆርቆሮ ላይ ትልቅ ዓሣ ትሥላለች። የመጣሁበትን ነገርኳት።

«ስለማን ነው መጽሐፉ?»

«ስለ አንዲት ሠዓሊ ነው፣ እትዬ። አሁን በሕይወት የለችም።»

«እስቲ አንብቢልኝ። ሳልሰማ አልሥልም።»

ማንበብ ጀመርኩ። አባቷ ለዘሃራ ብሩሽ ሰጣት የሚለው ቦታ ስደርስ ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት። «አባቷ? ከሞፈር ሌላ ምን ይዞ ያውቅና!»

«ያውቋት ነበር እንዴ?» አልኳት።

«ቀጥዪ» አለችኝ።

ባሏ ሥዕል እንደከለከላት ሳነብ ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠች። «ምስኪን! ቀለሙን ተሸክሞ ከተማ ለከተማ ሲዞር የኖረው ማን ሆነና!»

እያነበብኩ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ፦ «ዘሃራ ገዳሪፍ ውስጥ አረፈች።»

መነጽሯን አወለቀች። «ውይ ልጄ፣» አለችኝ፣ «መቼ ቀበራችሁኝ?»

ጮህኩ። የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ሰው የተጎዳ መስሎት እየሮጠ መጣ። እኔ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁ፤ ያልደረቀው የዓሣው ቀለም ቀሚሴ ላይ ተለጥፏል።

እሷ ግን ወረቀቶቹን ከእጄ ወስዳ ቶቧ ሥር ከተተቻቸው። «ይሄ አይታተምም። ስሜን የደበቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም።»

ከዚያ ነገረችኝ። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት ቀለም መለየት አቅቷት ነበር። ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን ሌላ ምግብ ቤት ውስጥ ስትሥል አህያውን አረንጓዴ አድርጋው ኖሮ፣ ተመጋቢው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በነጋታው ከባሏ ጋር ገዳሪፍ፣ እህቷ ቤት ገባች። ባሏ እዚያው ሞተባት። ከዓመታት በኋላ ዓይኗን ታክማ ዳነች። ተመልሳ ስትመጣ ግን ከአበሻው ሰፈር ርቃ፣ በልጇ ስም ኡም ኢማን ተብላ ባሕሪ ተቀመጠች።

«ያ ሳቅ አሁንም ይሰማኛል» አለችኝ።

ቶሎ የመጣልኝ የልጆቹ ነገር ነው። «እትዬ፣ የእኔም ተማሪዎች ሲያነቡ ይሳሳታሉ። አንዴ ከተሳቀባቸው ሁለተኛ አፋቸውን አይከፍቱም። ይሄንን ከእርስዎ ቢሰሙ ምን አለበት?»

ወረቀቶቹን አውጥታ ሰጠችኝ። «ገልብጪውና ጀርባው ላይ ጻፊ። ግን የት እንዳለሁ ለማንም አትናገሪ።»

እሺ ብዬ ማልኩላት። እሷ እየሣለች ታወራለች፣ እኔ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። አል-ማንሺያ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ስትኖር በር ተቀብቶ የተረፈ ቀለም አግኝታ የእመቤቷ ልጆች መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ በቅሎ ሣለች። እመቤቷ መጀመሪያ ጮኸችባት፤ ቀጥላ ጎረቤቶቿን ሁሉ ጠርታ አሳየች። የመጀመሪያ ሥዕሏ ያ ነው። ፀሐይ ገብታ የመግሪብ አዛን ሲል እጄ ዝሎ ነበር፤ ግን ማን ይነሣል?

መጽሐፉ በእሷ ሥዕሎች ታተመ። ለልጆቹ ባነበብኩበት ቅዳሜ ዘሃራ አዲስ ቶብ ለብሳ መጥታ ከወላጆች መሃል ተቀመጠች። ማንም አላወቃትም። እኔም ቃሌን ጠብቄ ወደ እሷ አላየሁም።

አረንጓዴው አህያ ጋ ስደርስ ልጆቹ ሳቁ። ቀና ስል ዘሃራ ቆማለች። ልትወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ከሁሉም በላይ እየሳቀች፣ «እኔ ነኝ፣» አለች፣ «አህያውን አረንጓዴ ያደረግኩት እኔ ነኝ!»

ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። «ዋላሂ?» እያሉ ልጆቹ ከበቧት፤ ከኋላ የነበሩ ሁለት ትልልቅ ሴቶች «ዘሃራ! ዘሃራ!» እያሉ ወንበር ገፍተው መጡ።

ጦርነቱ ሁላችንንም በተነን። እሷ ካሳላ ልጇ ዘንድ ናት፣ እኔ ጎንደር። ስልክ ስንደዋወል ድምፅዋ ይሰበራል፣ መስመሩ ይቆረጣል። እኔ ግን ያን «እኔ ነኝ» ያለችበትን ቅጽበት በዓይኔ ማየቴ በሕይወቴ ካገኘሁት ዕድል ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል።