ድሪቶና የወደቀችው እጄ

ከፒያሳ ተነሥታችሁ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ብትወርዱ፣ በደርግ ዘመን እንደኔ መቀስ የሚይዝ ልብስ ሰፊ አታገኙም ነበር። ጨርቁ መቀሴን ሲያይ በገዛ ፈቃዱ ይቆረጥልኝ ነበር። «እጀ ወርቁ» ይሉኛል፤ ስሙን ያወጣሁት ራሴ ብሆንም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰዓት እላፊ ይዞኝ ባደርኩበት ሱቄ፣ ወንበሬ ላይ ነቃሁ። መቀሴን ላነሣ ቀኝ ክንዴን ሰደድኩ። ክንዴ ደረሰ። እጄ አልደረሰችም። ከአንጓዋ ታጥፋ ተንጠለጠለች። ጣቶቼን ተዘርጉ አልኳቸው። አልሰሙኝም። ከአውራ ጣቴ ጀርባ ደንዝዞኛል። ሕመም የለውም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ሚስቴ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ የማይሥቅ ሰው ነው፤ ሦስት ቀልድ አባከንኩበት። ክንዴን በጎማ መዶሻ መታ መታ አደረገና፣

«ፊትዎ አልተጣመመም፣ አነጋገርዎ ልክ ነው፣ እግርዎም ደህና ነው» አለኝ። «ስትሮክ አይመስለኝም። ክንድዎን ዞሮ የሚወርደው ራዲያል ነርቭ ተጨፍልቋል። ትናንት እንዴት ነው የተኙት?»

«መቼ ተኛሁና ዶክተር? ለአብዮት በዓሉ ሰልፍ ዩኒፎርም ስሰፋ ነው ያነጋሁት።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

«እጄ ትመለሳለች?»

«ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ በሳምንታት ወይም በወራት። ቃል ግን አልገባልዎትም።»

ሌላ ሙያ የለኝም። እጄ ከቀረች እኔም ቀረሁ። አንጓዬን ቀና አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት ታሰረልኝ፤ ጣቶቼን በየቀኑ እንዳሠራቸው ታዘዝኩ። ሱቄ ተዘጋ። የሸሚዜን ቁልፍ ሚስቴ ትቆልፍልኝ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሳልፍ የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ «የድሪቶ ትርኢት» የሚል ወረቀት አየሁ። ለሱፍ ሰፊ ድሪቶ ስድብ ነው፤ ሥራ ያበላሸን ሰው «ደረተው» ብለን ነው የምናማው። ከታመምኩ ወዲህ አልሣቅኩምና ልሥቅ ገባሁ።

አልሣቅኩም። ካኪው ከቴትሮኑ፣ አቡጀዲው ከአበባማ ቀሚሱ ጋር በሦስት ማዕዘንና በኮከብ ቅርጽ ተጋጥሞ፣ ገበር ከሥር ተደርጎለት፣ ባዘቶ በመሐል ተነጥፎለት፣ በጥቃቅን የእጅ ስፌት የተጠቀጠቀ ብርድ ልብስ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ስመለከት፣ ልቤ እንደ ስፌት መኪናዬ ትርትር ይል ጀመር። አንዱ ኮከብ መሐል ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው ግራጫ ሱፍ አየሁ። ከሱቄ ደጃፍ የጣልኩት ቁርጥራጭ ነው።

«ይሄ እኮ የኔ ነው» አልኩ።

«ያንተ ነበር፤ ጣልከው፣ አነሣነው» አሉኝ ትርኢቱን ያዘጋጀው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር እትዬ ብርቄ። «ለቅሶ ልትደርሰው ነው የመጣኸው? እጅህንስ ምን ነካህ?»

የዩኒፎርሙን ታሪክ ነገርኳቸው። ለሐኪሙ አንድ ሌሊት የነበረው ለሳቸው ሦስት ሌሊት ሆነ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ወንድ አባል ኖሯቸው አያውቅም፤ የሥራ ጀግና ግን እንዴት ይመለሳል?

«ቅዳሜ ከሰዓት ና» አሉኝ። «መቀስ አትነካም። መርፌ ብቻ።»

ስፕሊንቱ አንጓዬን ስለያዘልኝ መርፌ መቆንጠጥ ቻልኩ። መልቀቅ ግን አልቻልኩም፤ ጣት የሚዘረጋው ያ የተጨፈለቀው ነርቭ ነው። በየስፌቱ እትዬ ብርቄ ጣቶቼን እንደ ባቄላ ይፈለቅቁልኛል።

«ይሄ ሰው መርፌያችንን ሊሰርቅ ነው የመጣው» ይላሉ፣ ሁሉም ይሥቃል፣ እኔም እሥቃለሁ፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱ ዓመት ይሆንብኝ ጀመር፣ ያ ስድብ የነበረው ድሪቶም በሕልሜ እየመጣ የትኛው ቀለም ከየትኛው እንደሚጋጠም ያማክረኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እትዬ ብርቄ ጣቶቼን ሊፈለቅቁ እጃቸውን ሰደው ቆሙ። መርፌዋ ጭኔ ላይ ወድቃለች።

«ለቀቅካት እኮ» አሉኝ ቀስ ብለው።

እንደገና ያዝኳት። እንደገና ለቀቅኳት። አለቀስኩ። በአራተኛው ወር መቀሴን አነሣሁ፤ ቅዳሜን ግን አልተውኩም።

እትዬ ብርቄንና ያን የማይሥቅ ሐኪም ፈጣሪ ያክብርልኝ። እንደኔ እጃችሁ ወድቃ የምትነቁ፣ ስትሮክም ሊሆን ይችላልና የዚያኑ ዕለት ታዩ። ስፕሊንቱን አታውልቁ፤ ጣቶቻችሁን በምትወዱት ነገር አሠሯቸው። ሐኪም እንዴት ተኛችሁ ሲላችሁም እውነቱን ንገሩት።

እኔ አልነገርኩም። ያን ሌሊት አንዲት ዩኒፎርም አልሰፋሁም። ጠጄን ስጨልጥ አምሽቼ፣ ክንዴን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠልጥዬ፣ እያንኮራፋሁ ነው ያደርኩት። በሚቀጥለው ዓመት ትርኢት የሰፋሁት ድሪቶ ተሰቀለ፤ እትዬ ብርቄም «ለእናት አገሩ ሲሠራ እጁ የተጎዳ ጓድ ሥራ» የሚለውን ጽሑፍ ለአዳራሹ አነበቡ። ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ፣ በዳነችው እጄ።