ስኳር ያለበት መርማሪ

ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ ስለማላውቅ ከየት እንደሚጀመርም አላውቅም። ከመርፌው ልጀምር።

በፈረንጆች 2021 እንደገባ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ፣ እዚህ ሰው አገር፣ ሬይኖልድስበርግ በሚባል ከተማ፣ አንድ ሽማግሌ ቤት ሆም ኬር፣ ማለትም የቤት አስታማሚነት፣ እሠራ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ድሮ አዲስ አበባ አስተማሪ ነበሩ። የስኳር በሽታ ዓይናቸውን አድክሞት ከጥላ በቀር አያዩም። ባለቤታቸው በኮሮና ካረፉ ወዲህ ደግሞ መርፌያቸውን እምቢ ማለት ጀመሩ። እኔ መውጋት አይፈቀድልኝም፤ መጠኑን አስተካክዬ አቀብላቸዋለሁ፣ የሚወጉት ራሳቸው ናቸው። ሲያኮርፉ «ተይው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው መጫን አልችልበትም፤ ድምፄም አይወጣም።

ልጃቸው ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ኮል አደረገችኝና፣ «እህቴ፣ እንዲህ ከቀጠለ ነርሲንግ ሆም ላስገባው ነው። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ያኔ በኮሮናው ምክንያት ነርሲንግ ሆም፣ የሽማግሌ መጦሪያ፣ የገባ ሰው የሚጠየቀው በመስኮት በኩል ነበር። እሳቸው ደግሞ መስኮቱንም አያዩት።

ይጽናኑ ብላ ተከታታይ ፊልም የከፈተችላቸውም እሷው ናት። ፊልሙ በፈረስ ጋሪ ዘመን ስለነበረው ዝነኛ የእንግሊዞች ወንጀል መርማሪ ነው፤ አሁን እንደ አዲስ ሠርተውታል። ጋሼ በተማሪነታቸው እንግሊዝኛ የለመዱት የሱን ታሪክ እያነበቡ ነው። እሳቸው ንግግሩን ይሰማሉ፣ ሥዕሉን አያዩም። እኔ ሥዕሉን አያለሁ፣ ንግግሩ አይገባኝም። ስለዚህ ያየሁትን እነግራቸው ነበር።

«አሁን ምን ያደርጋል?»

«ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፣ ጋሼ። ጺሙን አልተላጨም። ሸሚዙ ደም ነክቶታል።»

«የሱ ሸሚዝ?» ተቆጡ። «ንጹሕ፣ ጨዋ ሰው ነበር እኮ! መብራትስ የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች?»

«ሻማ አለ።»

«ሻማ አለ ትለኛለች!»

አንድ ቀን ምሳቸው ቀርቦ፣ እሳቸው መርፌውን እምቢ ብለው፣ ፊልሙን ከፈትን። መርማሪው መሳቢያውን ሳበ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ክንዱን ወጋ። 

«ምነው ዝም አልሽ?»

«መርፌ እየተወጋ ነው።»

«የምን መርፌ?»

እኔ በሠራሁባቸው የሐበሻ ቤቶች ሁሉ መሳቢያ ውስጥ መርፌ ካለ ስኳር ነው። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

«ስኳር አለበት መሰለኝ፣ ጋሼ። ግን ክንዱን ነው የወጋው፣ ሆዱ ላይ ይሻለው ነበር። ምግብም አልቀረበለትም።»

የጋሼ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ለካ እየሳቁ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

«የዕፅ ሱስ ነው፣ ልጄ! ሱስ!» አሉ። «ለካስ መጽሐፉም ላይ ነበረ፤ እኔ ነኝ የረሳሁት።»

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አላወቅኩም።»

«ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል? ያንቺው ይሻላል።» ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «አሁንስ?»

«ብቻውን ወንበሩ ላይ ተዘርሯል። ሻማውም ጠፍቷል።»

ጋሼ ሸሚዛቸውን ከሱሪያቸው ውስጥ መጎተት ጀመሩ።

«ስኳር ካለበትማ ብቻውን አይወጋም» አሉኝ። «በይ የእኔንም መርፌ አምጪው።»