መኪናውን ጠምደን ስናየው

ከአረብ አገር ስመለስ ደብረ ታቦር ውስጥ ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። አንዷ ቤት ሥሪ ትለኛለች፣ ሌላው ሚኒባስ ይሻልሻል ይላል፣ የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ «ልጄ፣ ወፍጮ እኮ በረከት አለው» ብለውኛል። ሁሉንም አዳመጥኩ፣ ለሁሉም አንገቴን ነቀነቅኩ፣ ከዚያ የልቤን አደረግኩ። እኔ የምፈልገው ከባድ መኪና ነበር፤ ተሳቢ ያለው፣ ሲያልፍ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ።

ታናሽ ወንድሜ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አለው። ዓመታት ሙሉ የሰው መኪና እየነዳ ወደብ ተመላልሷል። እኔም የሰው ቤት ሳጸዳና የሰው ልጅ ሳሳድግ ወጣትነቴ አልቋል። ለሰው መሥራት ሁለታችንንም በቅቶናል። አዲስ መኪና ግን አቅማችን አይደርስበትም፤ ያገለገለ መግዛት ግድ ነው። ክፉ መኪና ከገዛሁ የኔ ያለፈ ዕድሜም የሱ መጪው ዕድሜም አብሮ ይጠፋል። ይህን ስለማውቅ ማንም እንዲያጣድፈኝ አልፈቅድም ነበር።

ደላላው ያመጣልን ባለ ተሳቢ መኪና ቀለሙ ታድሶ፣ ጎማው ጥቁር ተቀብቶ፣ መስታወቱ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፎበት መጣ። ባለቤቱ ሸበት ያሉ፣ ካፖርት የደረቡ፣ ንግግራቸው የተመረጠ ሰው ናቸው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የወንድሜ ልብ ግን ዓይኑ ሳያይ ፈርዶ ነበር። መሪውን ሲጨብጥ ፊቱን ብታዩት ሙሽራ ነው የሚመስል።

«ሥሩን እይ» አልኩት። ገብቶ ወጣና «ምንም አይል» አለኝ። ሱሪው ላይ አቧራ እንኳ አልነበረም።

እኔ ስለ መኪና የተማርኩት በሰው አገር ማድ ቤት ውስጥ ነው። ድስት እየጠበቅኩ ስልኬ ላይ የመካኒኮችን ቪዲዮ አይ ነበር። ጓደኞቼ የሠርግ ቪዲዮ ሲያዩ እኔ ሞተር ሲፈታ ሳይ፣ አበደች ብለው ይስቁብኝ ነበር። ስለዚህ ሰውየው በእኩለ ቀን፣ ሞተሩን አሙቀው ሲያመጡት፣ «ደጃችን ይደር፤ ጠዋት ሲበርደው ነው የማየው» አልኩ። ደስ ባይላቸውም ተዉት።

የደብረ ታቦር ጠዋት ለመኪናም ለሰውም አያዝንም። ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር እጄን ሞተሩ ላይ አድርጌ ነበር፤ በረዶ ነው። አንዴ አጉረመረመና ተነሣ። ጭሱ ቶሎ ጠራ። ዘይቱን መዝዤ አሸተትኩት፣ የራዲያተሩን ውኃ ዘይት ተንሳፍፎበት እንደሆነ አየሁ፣ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያየሁ። ሁሉም ደህና ነው። ልቤ ትንሽ ትንሽ መሞቅ ጀመረ፤ አልዋሽም።

ጣጣው የመጣው ከጎረቤት ነው። መኪና ደጃችን አድሮ ያየ ሁሉ ተገዝቷል ብሎ ደመደመ። ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ሴቶቹ እልል እያሉ ገቡ፣ አንዷ የመኪናው አፍንጫ ላይ ቄጤማ ሰካች፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው «ከአደጋ ይሰውረው፣ ሀብቱን የአብርሃም ያድርገው» ብለው መረቁ። አሜን ከማለት በቀር ምን ይደረጋል? ወንድሜ ወደ ጓሮ ጎትቶኝ፣ «እታለም፣ እንግዲህ አለቀ። ተመርቆ መለሱት ሊባልብን ነው?» አለኝ።

«ምርቃት ፍሬን አይሆንም» አልኩት። ተቆጣኝ። እኔም ተቆጣሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ብተርትበትም አልሰማኝም።

ያስታረቀን ወላጅ አባታችን ነው። ከጉና ተራራ ሥር ገብሱን ትቶ የመጣው ለዚሁ ነገር ነበር። መኪናውን አንዴ ዞረው፣ ከዚያ መልሳችንን ሊሰሙ ለመጡት ሻጭ እንዲህ አላቸው፦ «በኛ አገር በሬ ጥርሱ ታይቶ፣ ሻኛው ተዳብሶ ብቻ አይገዛም። ተጠምዶ ይውልና አራሹ ያየዋል፤ ዋጋ የሚቆረጥ ከዚያ ወዲህ ነው። ይህንንም ልጆቹ ጠምደው ይዩት። እርስዎም አብረው ይሁኑ።»

ሰውየው ሳቁ። «ይጠመድ! ጉልበቱን ታያላችሁ» አሉ። ሰው የሚስቀው ካላፈረ ነው ብዬ እኔም ተጽናናሁ።

ጭነት አላጣንም። የእናቴ ዘመድ የሆነ ነጋዴ ጉና ትከሻ ላይ ሱቅ አለው፤ ሲወጣ ሲሚንቶ እናደርስለታለን፣ ሲወርድ ድንች እንጭንለታለን። ሲሚንቶው ተጭኖ ሦስታችን ጋቢና ገባን፤ ወንድሜ መሪው ላይ፣ እኔ መሐል፣ ሰውየው በመስኮቱ በኩል።

አወጣጡን ምን ልበላችሁ! ያ ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ዳገቱን ሲበላው ሞተሩ አላቃሰተም። ዓይኔን ከሙቀት መለኪያው ላይ አልነቀልኩም፤ መርፌው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ማርሹ ሳያጉረመርም ይገባል። ወንድሜ ያፏጫል፤ ሰውየው «አላልኳችሁም?» እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ። የገብሱ ማሳ በሁለቱም ጎን ወደ ኋላ ሲሄድ፣ በራሴ መኪና የምሄድ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ፣ እንባዬ መጣ። ሽቅብ የሚሄድ መኪና ፍሬን እንደማያስፈልገው ግን በዚያች ሰዓት አላሰብኩም።

ላይ ስንደርስ ሲሚንቶው ወርዶ ድንቹ መጫን ጀመረ። ጆንያው እየተከመረ በሄደ ቁጥር የሰውየው ወሬ አነሰ። አንዴ ወደ ተሳቢው፣ አንዴ ወደ ቁልቁለቱ ያያሉ። ጭነቱ ሲያበቃ ወደ ደብረ ታቦር የሚወርድ ሚኒባስ መጣና እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«በሉ ልጆቼ፣ እኔ ለቅሶ አለብኝ፤ ልቅደም። እናንተ በማርሽ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ውረዱ» አሉ።

ለቅሶ ያለበት ሰው አይያዝም። ወንድሜ ወዲያው ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለ። እኔም አልኩ። ቀጥሎ፣ ማንኛችንም እንደምንጠይቀው፣ «ማን ሞተ? እኛም እንድረስ እንጂ» አልኳቸው።

«አይ፣ የሩቅ ዘመድ ነው... እዚያው ከተማ ነው።»

«ከተማ ነው? ዛሬ ጠዋት እኮ ጡሩንባ አልተነፋም» አልኩ። የእድር ጡሩንባ ከተነፋ የማይሰማ ሰው ደብረ ታቦር ውስጥ የለም።

ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ።

«ያው እኛም ወደዚያው ነን። ይግቡ ጋሼ፣ አብረን እንደርሳለን።» የጋቢናውን በር ከፍቼ ያዝኩላቸው።

በሩን አዩት። ድንቹን አዩት። ቁልቁለቱን አዩት። «እኔ... በሚኒባሱ ይሻለኛል» አሉና ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደሱ ሄዱ።

ወንድሜ መሪው ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። «ወጥተሽ ግቢ እንጂ» አለኝ። እጄን ዘርግቼ ቁልፉን ነቀልኩት።

«አብደሻል?»

«ውረድና ሥሩ ግባ። አሁን ግን የእውነት ግባ።»

እየተራገመ ገባ። በጭቃው ውስጥ ወደ ተሳቢው የኋላ ጎማዎች ሲሳብ እግሩ ብቻ ይታየኛል፤ ከዚያ እግሩ ቆመ። እኔም በቀሚሴ ተንበርክኬ አየሁ። ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ታጥፎ፣ በሽቦ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። የሚያፈስ ፍሬን ከመጠገን ማሰር ይቀላል፤ ባዶውን ሲሄድ ማንም አያውቅበትም። ያን ሁሉ ድንች ተሸክሞ ከጉና ሲወርድ ግን ተሳቢው ጋቢናውን ገፍቶ ገደል ይከተዋል። ወንድሜ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እኔ የወረደው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ በዚያች ደቂቃ ትዝ አላለኝም።

ድንቹን በሌላ መኪና እንዲልከው ለነጋዴው ነገርነው፤ ተበሳጨብን፣ ልክ ነበር። መኪናውን እዚያው አቆምነው። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላለት እየጠበቀ ገና አልተነሣም፤ ሌላ መኪናም አልነበረም። ገባንና ከሰውየው ኋላ ተቀመጥን። ቁልፉን በትከሻቸው በኩል አቀበልኳቸው። ሳይዞሩ ተቀበሉ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ በየመታጠፊያው የወንድሜ ቀኝ እግር ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው ወለሉን ይጫናል። አጋማሽ ላይ ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቅ ሰውየው ገንዘብ አወጡና «የኋለኞቹንም ከዚህ ላይ ያዝ» አሉት፤ በኛ አገር ታላቅ ሰው ከከፈለ እምቢ አይባልም።

ወንድሜ ለታላቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ያን ቀንም አላደረገም። ጎንበስ ብሎ በትሕትና፣ «ይተዉት ጋሼ። ለቅሶው የኔ ነበር» አላቸው።

ገንዘቡን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እኔ የወንድሜን እጅ ያዝኩ፤ ጢም ያወጣ ሰው ነው፣ ሰው እያየውም አልነጠቀኝም።