ሲራጅ ቁስል ሰፊው

ሲራጅ ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ልብስ ሰፊ ሊሆን ነበር፤ ሆነም። አራዳ ገበያ ዳር ባለች በረንዳ ላይ አንዲት የስፌት መኪና ዘርግቶ ስምንት ዓመት እጀ ጠባብና ሱሪ ሲሰፋ ኖረ። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ግን ከእጁም ይፈጥናል። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ሰው ሆዱን ይዞ እየሳቀ ይመለሳል። ጎረቤቶቹም «የሲራጅ ምላስ ከመርፌው ይበልጥ ይወጋል» ይሉ ነበር።

ሐኪም ቤት የገባው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን የመኪናው መርፌ አውራ ጣቱ ውስጥ ተሰብሮ ቀረና ስባሪውን ሊያስወጣ ሄደ። ተራውን ሲጠብቅ ፈረንጁ ሐኪም ግንባሩ የተፈነከተ አናጢ ሲሰፋ አየ። ዝም ብሎ ማየት አልሆነለትም።

«ይኼ ስፌት ነገ ይተረተራል፤ አራርቀውታል» አለ።

አስተርጓሚው ደነገጠ። ሐኪሙ ግን ምን እንዳለ ካልነገራችሁኝ ብሎ ያዘ። ሲነግሩት ሳቀና የበግ ቆዳ ቁራጭ አስመጥቶ «እስቲ አንተ ስፋው» አለው። ሲራጅ በዚያ በቆሰለ ጣቱ ሰፋው። በወሩ መኪናውን ለአጎቱ ልጅ ትቶ የሐኪም ቤቱ ቁስል ሰፊ ሆነ።

የሚሠራው በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ነበር። ከግንብ የወደቀ፣ በቅሎ የረገጠችው፣ እሳት የፈጀው፣ በድንገት የተጎዳ ሁሉ በቃሬዛ መጥቶ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሦስት አግዳሚና አንድ የብረት አልጋ አሏት። አብራው የምትሠራው ምብራት የምትባል ከትግራይ የመጣች ዝምተኛ ሴት ነበረች። እሷ ውኃ ታፈላለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ፋሻ ትጠቀልላለች፤ እሱ ይሰፋል፣ ያስቃልም። የሳቀ ሰው ሕመሙን ይረሳል ብሎ ያምን ነበር። ብዙ ጊዜም አልተሳሳተም።

በ፲፱፻፲፰ ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነፋስ የአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ገንጥሎ ገበያው መሀል ጣለው። ወይዘሮ አባይነሽ የሚባሉ፣ ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ ሴት ፊታቸውን ሊከልሉ ግራ እጃቸውን ሲያነሡ ቆርቆሮው መዳፋቸውን ሰነጠቀው። ሰዎች ደግፈው ሲያመጧቸው እጃቸው በአመድ ተለውሶ ነበር። ክፍሏ ጢም ብላለች። ሲራጅ የተጠመጠመውን ጨርቅ ፈታና፣

«እሜቴ፣ እጅዎን ነው ያመጡልኝ ወይስ ምድጃዎን?» አለ።

ክፍሏ በሳቅ ተናጋች። ደግፈው ያመጧቸው እንኳ ሳቁ። ወይዘሮ አባይነሽ በደህናው እጃቸው ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሲራጅ አጥቦ ሲሰፋቸው አንድ ጊዜ እንኳ «እህ» አላሉም። ጠንካራ ሴት ናቸው ብሎ በልቡ አደነቃቸው። «በሦስተኛው ቀን ይምጡ፤ ፋሻው ይለወጣል» ብሎ ሸኛቸው።

በሦስተኛው ቀን አልመጡም። በአምስተኛውም አልመጡም።

«እኒያ ፈታይ ሴትዮ ቀሩ» አለች ምብራት።

«ድኖላቸው ይሆናላ።»

«ምን ይድናል! አፍረው ነው እንጂ።»

«ምን ያሳፍራቸዋል?»

ምብራት የምትጠቀልለውን ፋሻ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችው። «ያን ያህል ሰው ፊት አሳቅህባቸው። እኔም ስቄአለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊታቸው ከዓይኔ አልጠፋም።»

ሲራጅ ፋሻና መድኃኒት በጨርቅ ቋጥሮ ወጣ፤ ገበያ ያሉትን ፈታዮች እየጠየቀ ወደ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ወረደ። የተጠቆመውን በር አንኳኳ።

«ማነው?»

«ሲራጅ ነኝ እናቴ፤ ከሐኪም ቤት።»

«ደግሞ ምን ቀረህ? እዚህ የሚስቅልህ ሰው የለም» አሉ።

ሲገባ የቁስሉ ሽታ ከበሩ ተቀበለው። ወይዘሮ አባይነሽ መደብ ላይ ተጋድመዋል፤ ፊታቸው በትኩሳት ቀልቷል፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ሲራጅ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ አፉን ሲከፍት እሳቸው ቀደሙት።

«ደሙ አልቆም ሲል በቅርብ ያገኘሁትን አመድ አደረግሁበት። እናቴም የምታደርገው ይኸንኑ ነበር። ሠላሳ ዓመት በዚህ እጅ ነጭ ፈትል ፈትዬ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ ቆሻሻ ሴት አይደለሁም።»

«አይደሉም» አለ ሲራጅ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልየው ይፍቀዱልኝ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እጃቸውን ዘረጉለት። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣታቸው ጠቁረዋል። ሲራጅ ያየውን አልደበቃቸውም። እነዚህ ሁለት ጣቶች ላይድኑ እንደሚችሉ፣ ቢዘገዩ ግን ለእጃቸውም ለሕይወታቸውም እንደሚያሰጋ ቀስ ብሎ ነገራቸው።

«እሄዳለሁ፤ ሰው እንዳያየኝ ብቻ» አሉ።

ሰው ጠርቶ በቃሬዛ ወሰዳቸው፤ ከላያቸው ጋቢውን አለበሳቸው። ምብራትም መልእክት ልኮባት ስለነበር ቀድማ ክፍሏን ባዶ አደረገች። ሐኪሙ ሁለቱን ጣቶች ቆረጠ። የሚያስተኛው መድኃኒት እስኪይዛቸው ድረስ ሲራጅ ቀኝ እጃቸውን ይዞ ቆየ፤ ሲነቁም እዚያው ነበር።

ሦስት ሳምንት ተኝተው ሊወጡ ሲሉ፣ «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው።

«እግዜር ይቅር ይበልህ። እኔ ግን ገና ነኝ» አሉና ሄዱ።

ሲራጅ ከዚያ በኋላ ቀልድ ተወ። ወር ያህል ዝም ብሎ ሰፋ። ክፍሏ ቀዘቀዘች፤ ሕመምተኛው ከመርፌው ይልቅ ዝምታውን ፈራ። «ይኼም አልበጀም» አለችው ምብራት። ቀስ በቀስ ቀልዱ ተመለሰ፤ የሚቀልደው ግን በራሱ ላይ ሆነ፤ ስለ መላጣው፣ ስለ ወሎ አነጋገሩ፣ ሐኪሙን ስፌት ላስተምር ስላለበት ቀን። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ስሙን ይነግረዋል፤ የት እንደሚነካው፣ ምን ያህል እንደሚያም አስቀድሞ ያስረዳዋል። ቁስሉ ላይ ቅቤም ይሁን ቅጠል ቢያገኝ «ማን አደረገልህ?» ይላል፤ «እናቴ» ሲሉት «ሊያድኑህ ብለው ነው፤ አሁን ደግሞ እኔ ልጠበው» ይላል።

ካረጁ አንሶላዎች መጋረጃ ሰፍቶም አልጋውን ከአግዳሚዎቹ ለየው። ሐኪሙ ብርሃን ይጋርዳል ብሎ ተቆጣ። ሲራጅ ከላይ ቆርጦ አሳጠረው፤ ከመስኮቱ ብርሃን ይገባል፣ ከአግዳሚው ዓይን አይገባም።

ወይዘሮ አባይነሽ በስምንት ጣት መፍተል እንደገና ተማሩ። ፈትላቸው እንደ ድሮው ቀጭን አልሆነም፤ የሸማ ሳይሆን የጋቢ ፈትል ሆነ። ሲራጅ ገበያ ውስጥ ሲያገኛቸው አንገቱን ደፍቶ ሰላምታ ይሰጣል። አንዳንዴ ይመልሳሉ፣ አንዳንዴ አይመልሱም።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ፣ የፈላ ውኃ እግሯን ያቃጠላትን ጎረቤታቸውን ሰዓዳን ደግፈው ራሳቸው አመጧት። ሰዓዳ በሩ ላይ ደርሳ ካልተመለስኩ ብላ አለቀሰች።

«ግቢ» አሏት ወይዘሮ አባይነሽ። «ይኼ ሰውዬ ከመንካቱ በፊት ይጠይቅሻል። የሚያምሽን ንገሪው፤ ይሰማል።»

ከዚያም ወደ ሲራጅ ዞረው «እኔ የት ልቀመጥ?» አሉት።

ምብራት ሰዓዳን አልጋው ላይ አስተኝታ ከራስጌዋ በኩል በርጩማ አቀረበችላቸው።