የጧሂር ደብተርና አሥራ አንዱ ነጥቦች

ጧሂር በኤምሬቶቹ ከተማ በአል ዓይን፣ ፈላጅ ሃዛ ሰፈር፣ ከመስጊዱ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት አባያ፣ የሴቶቹን ረጅም ቀሚስ፣ ሰፍቷል። ከወሎ ሲወጣ መቀስ እንጂ ብዕር መያዝ ያስተማረው አልነበረም። ቁጥሩን ከሜትሩ ላይ እያየ ራሱ ለመደ። ፊደሉንም ዘግይቶ ትንሽ ትንሽ ለቃቅሟል፤ ሰው እያየው ግን አይጽፍም። ስለዚህ ደብተሩ ላይ የደንበኛ ስም የለም። ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራዋ ጥርስ ተስሎላታል፤ ጃንጥላ የማይለያቸው አሮጊት ጃንጥላ። ከሥዕሉ ቀጥሎ በኢንች ሁለት ቁጥር ይመጣል፤ ቁመትና እጅጌ። በቃ።

ይህንን ደብተር ነው ልጁ ዘሂራ ለትምህርቷ የለመነችው።

ዘሂራ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። አቡ ዳቢ ኮሌጅ ገብታ ሳምንቱን አል ሻምኻ በሚባል ሰፈር አክስቷ ዘንድ ታድራለች። ሐሳቧ ነርስ መሆን ነው። መንገዷን የዘጋባት ስታቲስቲክስ የሚሉት ትምህርት ሆነ፤ በመጀመሪያው ፈተና ወደቀች። የቀራት አንድ ፕሮጀክት ነው፤ እሱም ካልተሳካ የነርሲንግ ክፍል አይቀበላትም።

"አባዬ፣ ፕሮጀክቱ ሪል ዳታ ነው የሚፈልገው። ያንተ ደብተር ፐርፌክት ነው!"

"ኧረ ልጄ፣ የኔ ጭረት ለኮሌጅ?" አለ ጧሂር አንገቱን ደፍቶ። ሰጣት ግን። ለእሷ እምቢ ማለት መቼ ያውቅበታልና! ቁጥሮቹን በስልኳ አንስታ ደብተሩን መለሰችለት።

በሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ላፕቶፗን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ጠመኔና ክር መሃል አስቀመጠችለት። መጀመሪያ ያሳየችው መሃሉ አብጦ ግራና ቀኙ እየሳሳ የሚወርድ፣ ደወል የሚመስል ሥዕል ነው።

"ይሄ ኖርማል ዲስትሪቢውሽን ይባላል። ብዙው ሰው መሃል ነው። በጣም አጭርና በጣም ረጅም ጥቂት ነው።"

ጧሂር ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አባያዎች አየ። "ይሄማ የኔ መስቀያ ነው! ሃምሳ ስድስት ሁልጊዜ ያልቅብኛል። ስልሳ ግን ከዒድ እስከ ዒድ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል።"

ሚስቱ ኑርያ ቁልፍ እየተከለች ሳቀች። "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር ጧሂር በሉኝ ሊለን ነው!"

ሁለተኛው ሥዕል ነጥብ በነጥብ ነበር። "ስካተርፕሎት ነው። ወደ ጎን እጅጌ፣ ወደ ላይ ቁመት። እያንዳንዷ ነጥብ አንዲት ደንበኛህ ናት" አለችው። ነጥቦቹ ከታች ከግራ ተነስተው ወደ ላይ ወደ ቀኝ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይወጣሉ። እጅጌው ሲረዝም ቁመቱም ይረዝማል። አምሮ ነበር። ጧሂር ግን ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ አጫጭሮቹን እጅጌዎች ፈለገ። የሉም።

"ልጆቹስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የትኞቹ ልጆች?"

"ሪባን የሳልኩላቸው።"

"እ፣ እነሱን ዲሊት አደረግኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው፣ መስመሩን አበላሹብኝ። ቁመታቸው ከእጅጌያቸው ጋር አይሄድም። ስትለካ ተሳስተህ ይሆናል አባዬ።"

የጧሂር ፊት ጋለ። ሜትር ይዞ ተሳስቶ አያውቅም። ኮሌጅ የገባችው እሷ ናት፤ እሱ ምን ያውቃል? "እሺ" ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። መርፌው ግን ያን ቀን ሁለቴ ተሰበረበት።

ሰኞ ዘሂራ ደወለች። ዶክተር ሙንዲር የሚባለው መምህሯ ሥዕሉ ከልክ በላይ ንጹሕ ነው ብሎ ዋናውን ደብተር ልየው ብሏታል። ጧሂር የሰው ትእዛዝ ያለበትን ደብተር ለሌላ ሰው አያምንም። ማክሰኞ ጠዋት በፌስታል ጠቅልሎ፣ ራሱ በአውቶቡስ አቡ ዳቢ ወረደ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን በዓረብኛ ሲለማመድ ከሰላምታው አላለፈም።

ዶክተር ሙንዲር ሽበታም ሱዳናዊ ነው። ገጹን ቀስ እያለ ገለጠና ሪባኑ ላይ ቆመ።

"እነዚህ ፕሎቱ ላይ የሉም። ለምን?"

"ስሕተት መስለውኝ" አለች ዘሂራ።

"የለካውን ሰው ጠየቅሽ?"

እንባዋ ጫማዋ ላይ ጠብ አለ። የራሱን ሐፍረት የለመደው ጧሂር የልጁን ማየት አልቻለም።

"ዶክተር፣" አለ በዓረብኛ፣ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆኖበት፣ "አልተሳሳትኩም። እሷም አልዋሸችም፤ ዝም ያልኳት እኔ ነኝ። እነዚህ ትንንሽ ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው ለማደጊያ ጨምርበት ይሉኛል። አራት ኢንች ጨምሬ እቆርጥና ወደ ውስጥ አጥፌ እሰፋዋለሁ። ልጅቷ ስታድግ እጥፋቱ ይፈታል። እጅጌው ላይ አልጨምርም። ሲበሉ ወጥ ውስጥ ይገባላ!"

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ እስኪያነባ ሳቀ። "የኛ እናት እኮ አጥፋ አትሰፋውም ነበር። እየረገጥነው ነው ያደግነው!" ወደ ዘሂራ ዞረ። "ቡድኑ ሁለት ነው፤ የአዋቂና የልጅ። እስከ ሐሙስ መልሺያቸው፤ ለምን ከመስመሩ በላይ እንደሆኑም ጻፊ።"

ከወጡ በኋላ ዘሂራ ክንዱን ያዘችው። "ይቅርታ አባዬ። የኔም የትምህርት ቤት ልብስ እጥፋት ነበረው?"

"ያንቺማ ስድስት ኢንች ነበር! እንደ ሸንበቆ ነበር የምትመዘዥው።"

አክስቷ ቤት ተቀምጠው አሥራ አንዱን ነጥቦች አንድ በአንድ መለሰቻቸው፤ በቀይ። ከመስመሩ በላይ ተሰብስበው ቁጭ አሉ። ከዚያ ነጭ ወረቀትና ብዕር ገፋ አደረገችለት።

"የዚህን የቀዩን ቡድን ስም ጻፍልኝ።"

"ያ መኪናሽ አይጽፍም እንዴ?" አለ ወደ ላፕቶፗ እያየ።

"ይጽፋል። እኔ ያንተን እጅ ነው የፈለግኩት።"

ጧሂር በሩን አየ፤ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ግንባሩ አላበው። አምስት ፊደል ለመጻፍ አንድ አባያ የመቁረጫ ጊዜ ፈጀበት፦ ለማደጊያ። ዘሂራ ፎቶ አንስታ ከቀዮቹ ነጥቦች አጠገብ ለጠፈችው፤ ትርጉሙንም ከሥሩ ጻፈች።

ከመቶ ሰባ ስምንት አመጣች። ለማለፍ ይበቃል፤ ለነርሲንግም በቃ።

ሥዕሉ ዛሬ በወረቀት ታትሞ ሱቁ ውስጥ ከመስታወቱ ጎን ተሰቅሏል። ደንበኞች ምንድን ነው ሲሉት "ልጆቹ ናቸው" ብሎ ወደ መኪናው ያጎነብሳል። በእጅ ጽሑፉ መሃል የጠመመችውን ደ ባየ ቁጥር ግን፣ ፈትቶ እንደገና ሊሰፋት ያምረዋል።