ስፌት የሌለው አንገት

ይህን የምጽፈው ጋሼ ተሰማ ከሰው ገበታ ስለራቁ፣ የራቁበትንም ምክንያት ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ሰፈር በሆነው በፌርፋክስ፣ «ሽማግሌው ኮሩ» ይባላል። አልኮሩም። ያራቅኋቸው እኔ ነኝ። ይህንንም እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም።

ያን ጊዜ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ እሠራ ነበር። አለቃዬ በየዓመቱ ቴክሳስ እየወረደ፣ ራንች በሚሉት በአጥር በተከለለ ሰፊ የግል መሬት ውስጥ፣ አደን የሚመራ ሰው ቀጥሮ ጭራ ነጭ አጋዘን ያድናል። የሚፈልገው ቀንዱን ነው። ራሱን ከነአንገቱ አስደርቆ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ሥጋውን ለወደደው ይሰጣል። በዚያ ዓመት መኪናውን እንድነዳለት ሲወስደኝ፣ ሥጋው የእኔ እንደሚሆን ነገረኝ።

ወሬው ጋሼ ተሰማ ዘንድ ደረሰ። የነቢያት ጾም ሳይገባ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሡ እየተሰናዱ ነበር። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ሥጋ አልቀመሱም፤ ማን እንደባረከው ያልታወቀው ሁሉ ለእሳቸው በክት ነው። የገዛ ቢላዋቸውን ሰጡኝ። «ጥይት አያርድም። ነፍሱ ሳትወጣ ድረስበትና ባርከህ እረደው» አሉኝ። ቃል ገባሁላቸው።

አለቃዬ ማለዳ ከማማ ላይ ሆኖ ተኮሰ። አጋዘኑ ጥቂት ሮጦ ቁጥቋጦ ሥር ወደቀ። ቀድሜ የደረስሁት እኔ ነኝ። በሕይወት ነበር፤ ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ቢላዋውን መዘዝሁ።

«አንገቱን እንዳትነካ!» ብሎ የአደኑ መሪ ከኋላዬ ጮኸ። «ቆዳው ከተቆረጠ ለግድግዳ አይሆንም!»

ዞር ብዬ አለቃዬን አየሁት፤ በእጁ ከለከለኝ። ቢላዋውን ወደ አፎቱ መለስሁ። እስኪሞት ድረስም ቆሜ ጠበቅሁ።

እስከዚህ ድረስ ፈርቼ ነው ልበል። የቀረውን ግን ምን ልበለው? በክርስትናው ዕለት ጋሼ ተሰማ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ደረስክበት?»

«ደረስኩበት፣ ጋሼ።»

«ባርከህ አረድከው?»

«ባርኬ አረድኩት።»

ያስገደደኝ ሰው አልነበረም። «ሳላርደው ሞተ» ብል ኖሮ የሚቀረው አንድ ሳህን ጥብስ ነበር። ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ በማንበቤም የሽማግሌው ሥርዓት ትንሽ ነገር መሰለኝ። ትንሽ ነው ብሎ የመፍረድ መብት ማን ሰጠኝ? ሥርዓቱን የሚጠብቁት እሳቸው፣ የምፈርደው እኔ?

ጥብሱ ሲቀርብ ልጃቸው አልማዝ ቀለደች፦ «ኦኬ አባዬ፣ ለመሆኑ ጥርስዎ ሥጋ ያስታውሳል?»

«ጥርሴ ቢረሳ ሆዴ አይረሳም!» አሉና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያም የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ። «አራጁ ይቅደም።»

ጎረስሁ። ከእኔ በኋላ እሳቸው በሉ። ከእሳቸው በኋላ ሁሉም በላ።

ከፋሲካ በኋላ የጥበቃ ሥራ አስገኝላቸዋለሁ ብዬ ጋሼ ተሰማን ወደ አለቃዬ ቢሮ ወሰድኋቸው። የአጋዘኑ ራስ ከአድራቂው ዘንድ መምጣቱን አላወቅሁም ነበር። ከወንበሩ በላይ ተሰቅሏል።

«ያ የኛው ነው?» አሉኝ በደስታ።

«አዎ።»

መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ጣታቸውን ከአገጩ ሥር ጀምረው እስከተሰቀለበት ጣውላ ድረስ ቀስ ብለው አወረዱ። የሚፈልጉት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ስፌት የለውም» አሉ።

ስለ ሥራው ሳይጠይቁ ወጡ።  ፌርፋክስ ደርሰን ከመኪናው ሲወርዱ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። «ሌሎቹ አይስሙ። ጠርቼ ያበላኋቸው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ በሰው ቤት አልበሉም፤ ማንንም ወደ ቤታቸው አልጠሩም። የልጅ ልጃቸው ልደት በተከበረበት ዕለት እንኳ ውሃ ጠጥተው ተነሡ። አልማዝ «ምን አስቀየምንዎት?» እያለች አለቀሰች። እኔም እዚያው ነበርሁ፤ ሳህኔ ሙሉ ነበር። መብላቴን ቀጠልሁ።

ይህን በመጻፌ ትእዛዛቸውን አፈርሳለሁ። በዚያ ዕለት የበላችሁ ሆይ፣ ሳታውቁ በላችሁ፤ ዕዳው የእኔ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም፤ የእሳቸውም አይደለም። ስለ አለቃዬና ስለ መሪው ጩኸት የጻፍሁት ነገሩ እንዲታወቅ ብቻ ነው። በሩ ላይ ስጠየቅ የጮኸብኝ አልነበረም።

የጠፋው፦ አንድ አጋዘን። አንድ ቃል። አንድ ሽማግሌ ከገበታ።