የእናቴ እልልታ

ስቆጣ አፌ ከእኔ ይቀድማል። በዚህ ጠባዬ ያላስቀየምኩት ሰው የለም፤ የአንዷ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጎንደር በአዳሪነት ስማር ጎልቦል እንጫወት ነበር። የዓይነ ስውራን ጨዋታ ነው። ኳሱ ውስጥ ቃጭል አለ፤ ሲንከባለል በጆሯችን ተከትለን፣ መሬት ላይ ተዘርግተን ጎል እንዳይገባ እናስቀረዋለን። ኳሱ እየሄደ ተመልካች ትንፍሽ ማለት የለበትም።

እናቴ ከአገራችን ከድብ ባሕር የመጣችው ልትወስደኝ ነበር። «ልጅሽን እዚያ መሬት ለመሬት ያንከባልሏታል» ብለው አቃጥለዋታል። «መጀመሪያ እይኝ፤ ካላማረሽ እሄዳለሁ» አልኳት። ድምፅ እንዳታሰማ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኳት።

«ምነው፣ እኔ ልጅ ነኝ?» አለችኝ ተቆጥታ።

እኩል ለእኩል ነበርን፤ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ቃጭሉን ሰምቼ ወደ ቀኝ ስወረወር እናቴ ኳሱን የያዝኩት መሰላት። «እልልልል! እሰይ የእኔ ልጅ!» ብላ አዳራሹን አቀለጠችው። ቃጭሉ ጠፋኝ፤ ኳሱ በእግሬ ሥር አልፎ ገባ። ተሸነፍን።

ተነሥቼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይቺን ሴትዮ አስወጡልኝ!» አልኩ። እናቴን እኮ ነው! ሴትዮ!

በማግስቱ ዕቃሽን ሸክፊ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ «ተጫወቺ ልጄ፣ ሸጋ ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብላ ብቻዋን ተሳፈረች። መኪናው ከሄደ በኋላ ነው የገባኝ። በአራት ዓመቴ ኩፍኝ ዓይኔን ካጠፋው ወዲህ በእኔ ምክንያት የሚያለቅስ እንጂ እልል የሚል ሰምቼ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያዋን እልልታ ራሴ ከአፏ ነጠቅኳት። አፈርኩ፤ ይቅርታ ለማለት ግን አፌ ያኔ አልቀደመኝም።

ከዚያ በኋላ ግጥሚያ ባለን ቁጥር ትመጣ ነበር። መምጣቷን የማውቀው ሰው ሲነግረኝ ነው። ኮሽታ የላትም።

በመጨረሻው ዓመት አሸነፍን። ፊሽካው ሲነፋ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል የእሷን ፈለግሁ፤ የለም። እንደ ልማዷ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች አሉኝና በዳበሳ ሄድኩ። ፊቷን ስነካ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃዋለች፤ በእንባ ርሷል።

«እማዬ፣ እልል በይልኝ እንጂ» አልኳት እያለቀስኩ።

ነጠላውን ከአፏ አወጣችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ፦

«አልቋል? እርግጥ አልቋል? አላበላሽብሽም?»